በተሳቢ ወደ ኋላ መሄድ አቃተኝ፣ የተግባር ፈተናዬ ደግሞ ደርሷል

የልደታው ረዳት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት በረዳትነት ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። አሁን መንጃ ፈቃዴን ወደ ተሳቢ ላሳድግ ነው። ቲዎሪው አልቋል፣ ተግባሩ ቀርቷል። ወደ ፊት ስነዳ ምንም አልልም። ወደ ኋላ ስል ግን ተሳቢው ታጥፎ ከጋቢናው ጋር ሊሳሳም ይደርሳል። አስተማሪዬ «መሪውን በተቃራኒ አዙር» ይለኛል። መርካቶ የማውቀው ሾፌር ደግሞ «የምን ተቃራኒ! መጀመሪያ ወደምትፈልግበት ነው የሚዞረው» አለኝ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ማንን ልስማ? ትናንት ሦስት ኮን ጨፍልቄያለሁ። ፈተናው ሐሙስ ነው። ሌላ የሚረሳ ነገር ካለም ንገሩኝ።

ሰባተኛ፦
በተቃራኒ ነው ወንድሜ፣ አለቀ። ግራ ቀኙ ከተምታታብህ መሪውን ከታች በኩል ያዘው። እጅህ ወደ ግራ ሲሄድ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ቀኝም እንደዚያው።

ጋሽ ፊያት፦
ኧረ አላለቀም። ልጁ የሚነዳው የቱን ዓይነት ተሳቢ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ከፊል ተሳቢ ጎታቹ ጀርባ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለሱ «በተቃራኒ» ትክክል ነው። ሙሉ ተሳቢ ግን የራሱ የፊት ጎማ አለው፣ በመጎተቻ ብረት ይታሰራል። እሱ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። አንዱ ከመኪናው ጋር የተያያዘበት፣ ሁለተኛው የራሱ የፊት እግር የሚዞርበት። ተቃራኒው በተቃራኒ ይጣፋና ጭራውን ወደ ግራ ለመላክ መጀመሪያ መሪውን ወደ ግራ ትላለህ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ትመልሳለህ፣ አለበለዚያ ያመልጥሃል። እኔ በፊያት 682 ከነተሳቢው ነው የተማርኩት። አሁንም ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል።

ካላመንከኝ ማታ ሁለት የክብሪት ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ጫፍ ለጫፍ አስጠጋና ከላይ በቁራጭ ፕላስተር አያይዛቸው፣ እንዲተጣጠፉ ብቻ ትንሽ ክፍተት ተው። የፊተኛውን ወደ ኋላ ግፋ። ይሄ ከፊል ተሳቢ ነው። ከዚያ በመካከላቸው አንድ ትንሽ የካርቶን ቁራጭ ጨምር። ይሄ ሙሉ ተሳቢ ነው። ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

የልደታው ረዳት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! የምማርበት ከፊል ተሳቢ ነው። የመርካቶው ሰውዬ የሚነዳው ሙሉ ተሳቢ! ሁለቱም ልክ ናቸው ለካ።

የጎተራዋ፦
እኔ መጀመሪያ የወደቅኩት አቅጣጫው ጠፍቶኝ አይደለም። አውቀዋለሁ። የወደቅኩት መሪ አብዝቼ ነው። ተሳቢ ዘግይቶ ነው የሚሰማህ። ታዞራለህ፣ ምንም አይልም። ትጨምራለህ፣ አሁንም ምንም። ከዚያ ባንዴ ጥቅልል ይላል። ስለዚህ ትንሽ አዙረህ ጠብቅ። መታጠፍ እንደጀመረ መሪውን መልሰህ ተከተለው። አንዴ በጣም ከታጠፈ በመሪ አታድነውም። አትታገል፣ ወደ ፊት ጎትተህ አቃናውና እንደገና ጀምር። በፍሪሲዮን እየተንፏቀቅህ ሂድ፣ ነዳጅ አትንካ።

ምርጫ ከሰጡህ ደግሞ በግራ፣ በራስህ በኩል ግባ። ተሳቢው ወደ ግራ ሲታጠፍ ጭራውን በመስኮትም በስፔኪዮም ታየዋለህ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የግራው ስፔኪዮ ባዶ መንገድ፣ የቀኙ የተሳቢውን ጎን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ወርዶ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ፈታኙን አስቀድመህ ጠይቅ። ከተፈቀደ አትፈር፣ ውረድ።

ከለንደን፦
እዚህ እንግሊዝ ነው የተፈተንኩት። የእናንተው ላይ አይሠራም፣ ግን ለልምምድ ይጠቅምህ ይሆናል። እዚህ የተሳቢ ፈተና ላይ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ሳይሆን ተሳቢውን ፈትቶ መልሶ ማያያዝም አለ። መንገድ ላይ ጥቃቅን ስህተት እስከ 15 ይታለፋል። አንድ ከባድ ስህተት ከሠራህ ግን በቃ፣ ወደቅክ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2021 ወዲህ ደግሞ መጀመሪያ የተራ ከባድ መኪና ፈተና ሳያልፉ በቀጥታ ለተሳቢው መፈተን ተፈቅዷል። እኔ ግን በድሮው ነው ሁለቴ የተሰቃየሁት።

ስታያይዝ ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት ሸምድደው። ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተሳቢው ሥር ገብተህ፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ የተሳቢው ፍሬን እንደተያዘ ቀስ አድርገህ ወደ ፊት ጎትት። ከዚያ ወርደህ በዓይንህ እይ። የፍሬኑን የንፋስ ቱቦዎች ቀዩንና ቢጫውን፣ የመብራት ገመዱንም አያይዝ፣ ከዚያ የተሳቢውን ማቆሚያ እግር አንሳ። በመጨረሻ ጎማው ሥር ያለውን ታኮ አንሳ።

ጋሽ ፊያት፦
ስለ ንፋሱ ልጨምር። ሞተር እንዳስነሳህ ለመሄድ አትቸኩል። የንፋሱ ጌጅ እስኪሞላ ጠብቅ። ቀዩ ቱቦ ከተነቀለ ወይ ከፈነዳ ተሳቢው ራሱን በፍሬን ይይዛል፣ የተሠራው እንደዚያ ነው። መኪናው እምቢ ካለህ ነዳጅ ከመርገጥህ በፊት ወርደህ ቱቦውን እይ።

ሰባተኛ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ ሙሉ ተሳቢውን አላሰብኩትም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፣ ቀኝ ስትታጠፍ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጠርዝ ላይ ወጥተው የሚሄዱትን አይተህ የለ? እስኪበቃህ ወደ ፊት ገፋ በልና ነው የምትታጠፈው። ጭራህም በሌላ በኩል ሰው እንዳይመታ እይ።

የልደታው ረዳት፣ ሐሙስ ማታ፦
ሦስት ቀን ክብሪት ስገፋ ነው ያመሸሁት፣ እናቴ አበደ ብላ ነበር። ዛሬ ኮን አልነካሁም። አንዴ መታጠፍ ሲበዛብኝ የጎተራዋ እንዳለችው ወደ ፊት ጎትቼ አቃናሁት። ንፋሱም እስኪሞላ ጠበቅኩ።

ግን ስነሳ መኪናው ንቅንቅ አልል አለ። ወርጄ ቀዩን ቱቦ አየሁ፣ ደህና ነው። ታኮው ነው ለካ ጎማው ሥር የቀረው። እስከዛሬ ታኮ የማነሳው እኔ ነበርኩ፣ ዛሬ ሾፌር ስሆን የሚያነሳልኝ ረዳት አልነበረኝም። ፈታኙ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ። ውጤቱን ገና አልነገሩኝም።