ኢሜይላችን ወደ ክላውድ ሳይዛወር በፊት ሰርቨሩን የሚፈትሽልን ማን ነው? (ጥቆማ)

የሳሪሱ፦ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። 60 የኢሜይል አድራሻ አለን፤ ሁሉም ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል በተቀመጠ ኤክስቼንጅ 2010 (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ሰኔ 30 ማይክሮሶፍት 365 እንግባ» ብለዋል፤ ኢሜይላችን በኢንተርኔት በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ማለታቸው ነው። ሰርቨሩ፣ የሠራተኛው ኮምፒውተርና ስካነሩ ከአዲሱ ጋር እንደሚስማሙ አስቀድሞ አይቶ በጽሑፍ የሚነግረን ባለሙያ ጠቁሙኝ። የሚሸጥልኝ ሞልቷል፤ የሚፈትሽልኝ ነው ያጣሁት።

ቀራንዮ፦ ጎግል ይሻላችኋል። እኛ ስድስት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን አስቸግሮን አያውቅም።

የሳሪሱ፦ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬ ግን እሱ አልነበረም።

ሒሳብ ክፍል፦ ወንድሜ፣ ተጠንቀቁ። እኛን ያዛወረን ድርጅት ዓርብ ማታ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት «ተጠናቋል» አለን። ሰኞ ስካነሩ አልልክም አለ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ቲኤልኤስ 1.2 የሚባለውን የግንኙነት ማመስጠሪያ አያውቅም፤ ይህን የነገሩን ግን ረቡዕ ነው። የግዢ ክፍሏ ልጅ የባንክ ሰነዱን በስልኳ ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ስትልክ ሰነበተች። አውትሉክ 2010 የሚባለው አሮጌ የኢሜይል መክፈቻ ፕሮግራም ያላቸው ሦስት ሠራተኞች ደግሞ በየደቂቃው የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ፤ ያስገባሉ፤ እንደገና ይጠየቃሉ። አንድ አዛውንት ባልደረባችን በመጨረሻ የይለፍ ቃላቸውን በወረቀት ጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፉት። ደውለን ብናመለክት «ይህ በውላችን የለም» ተባልን።

ጦር ኃይሎች፦ ድርጅቱ የትኛው ነው? የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ።

ሒሳብ ክፍል፦ አልጠራም። ፍርድ ቤት የምመላለስበት ጊዜ የለኝም።

ጦር ኃይሎች፦ ስንትስ ከፈላችሁ?

የቆየ ደንበኛ፦ ይህ ሁሉ የሚመጣው የማያውቁትን ሰው ሲያስገቡ ነው። መገናኛ አንድ ልጅ አለ፤ ፕሪንተርም ኔትወርክም ይሠራል። አሥር ዓመት ደንበኛው ነኝ። ለእሱ ስጡት።

የሳሪሱ፦ ኢሜይል አዛውሮ ያውቃል?

የቆየ ደንበኛ፦ አያውቅም። ታማኝ ግን ነው።

ጦር ኃይሎች፦ የእኛም ዘበኛ ታማኝ ነው፤ ሰርቨሩን ግን አላስነካነውም።

የቆየ ደንበኛ፦ አንተ በጠየቅኸው ሁሉ ከመቀለድ አንድ ሰው ጠቁም እስቲ።

ገመድ ጠጋኝ፦ ጠያቂው፣ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ግማሹን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ለኤክስቼንጅ 2010 ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ነው፤ ቢሆንም 60 አድራሻን በአንድ ጊዜ ማዛወር ይቻላል፤ ለዚህ መንገድ ራሳቸው የሚመክሩት እስከ 150 ነው። ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ነው። ሰርቨሩ ለራሱ የሰጠው ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ክላውዱ አያምነውም። ማይክሮሶፍት በነፃ ያቀረበው የግንኙነት መፈተሻ ገጽ አለ፤ ከውጭ ሆኖ ሰርቨርዎን ያንኳኳና የት ላይ እንደቆመ ያሳያል። ሰርቨሩ የተጫነው ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ላይ ከሆነ ቲኤልኤስ 1.2 በራሱ አይሠራም፤ መክፈት ያስፈልጋል።

ከዚያ መጠኑን ያስሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ 5 ጊጋባይት ቢኖረው 300 ጊጋባይት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጃል። በአንድ ሌሊት ጨረስኩ የሚል ካለ፣ ምን እንዳስቀረ ይጠየቅ።

ሒሳብ ክፍል፦ አሁን ገባኝ። የ2012 ደብዳቤዎቻችን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ገመድ ጠጋኝ፦ አሮጌው ሰርቨር አለ?

ሒሳብ ክፍል፦ ሸጡት።

ቀራንዮ፦ ጎግል ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ገመድ ጠጋኝ፦ አሮጌ ስካነር ጎግልም ላይ የራሱ ጣጣ አለው። የሳሪሱ፣ ከማንም ጋር ቢዋዋሉ ስካነሩና የሒሳብ ፕሮግራሙ በስማቸው ውሉ ላይ ይጻፉ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ወርሃዊ ክፍያውን በዶላር ካርድ ነው የምትከፍሉት? ካርዱን የሚሰጠው የትኛው ባንክ ነው?

የሳሪሱ፦ ገመድ ጠጋኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በገጹ ፈተሽኩት፤ የሰርተፍኬቱ ጊዜ ያለፈው በ2011 ነው፤ ማንም ያየው የለም። ክፍሏን ስከፍት ደግሞ ማቀዝቀዣው ቆሞ አገኘሁት፤ ሰርቨሩ እጅ አያስነካም። የማቀዝቀዣ ጠጋኝ የምታውቁ አላችሁ?

የቆየ ደንበኛ፦ የመገናኛው ልጅ ማቀዝቀዣም ይሠራል።