ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቃ (ከወንድ ጋር የምትገናኝ) አሳማ ስንት ኪሎ ይሁናት?

ጥያቄ (ከአዲሱ በረት)
ሰላም ለሁላችሁ። ገና ያልወለዱ ሴት አሳማዎች አሉኝ። ሰባት ወር ገደማ ሆኗቸዋል፤ አንዳንዶቹ መድራት (ወንድ መፈለግ) ጀምረዋል። እኩያ ናቸው፣ ኪሏቸው ግን አይገናኝም። አንዷ ቀጫጫ፣ አንዷ ድብልብል። ከእነዚህ በፊት የነበሩት የመጀመሪያ ወሊዳቸው ቆንጆ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ግልገሎቹ አነሱ፤ ጡት ካስጣልኳቸው በኋላም ቶሎ አልደሩም። ታዲያ ዕድሜ ልይ ወይስ ኪሎ? ሚዛን ደግሞ የለኝም።

የጓሮ አርቢ
ሰባት ወር ከሞላቸው ምን ትጠብቃለህ? አስጠቃቸው። የእኔዎቹ በመጀመሪያው ድራት በ110 ኪሎ ተጠቅተው በደህና ወልደዋል። ሳይወልዱ የሚበሉት መኖ ኪሳራ ነው።

የከብት ሐኪም
በደህና መውለዳቸው አይገርምም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠያቂው የነገረንም ይህንኑ ነው።

ወጣቷ አሳማ ስታረግዝ ራሷም ገና እያደገች ነው። ስትወልድ ማጥባት ይጨመርባታል። የምትበላው ግን ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ከገላዋ ታወጣለች፤ ስቡም ሥጋውም ይሄዳል። በማጥባት ጊዜ ከክብደቷ ከ10 እስከ 12 በመቶ በላይ ከቀነሰች፣ ቀጣዮቹን እንቁላሎች የሚያሳድጉት ሆርሞኖች ይዳከማሉ። ጤነኛ እናት ጡት ካስጣለች ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ትደራለች። የከሳችው ትዘገያለች፣ ብትጠቃም የምትወልደው ያንሳል። በትንሽ ኪሎ የጀመረች ደግሞ የምታጣው ትርፍ የላትም።

ስለዚህ ሁለቱንም እይ። ከ135 እስከ 160 ኪሎ፣ ሰባት ወር ተኩል ገደማ፣ ቢያንስ ሁለተኛው ድራት ላይ። የመጀመሪያውን ድራት ቀኑን ጽፈህ እለፈው፤ በ21 ቀን ገደማ ይመለሳል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ ዶክተር። ድብልብሎቹስ? እነሱ ላይ ስጋት የለም ማለት ነው?

መኖ ቀማሚ
እንዲያውም እኔን የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ከ160 ኪሎ በጣም አልፋ የተጠቃች አሳማ ገላዋን ለማቆየት ብቻ ዕድሜ ልኳን ብዙ መኖ ትበላለች። እግሯም ቶሎ ያስቸግራል። በእርግዝና የወፈረች ደግሞ ከወለደች በኋላ የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ነገር ግን ከሁሉም በላይ የምትከሳው እሷ ናት።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ከመጠቃቷ በፊት 10 እስከ 14 ቀን እስክትጠግብ አብላት፤ የምትለቀው እንቁላል ይጨምራል። ከተጠቃች በኋላ በቀን ወደ 2 ወይም 2.5 ኪሎ መልሳት። ስታጠባ ግን አትስፈር። ቀስ በቀስ ጨምረህ የምትችለውን ያህል ትብላ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ ቀዝቀዝ ሲል። ውሃ ካነሳት መኖውንም ትተወዋለች።

ሜትር ያዢ
ሚዛን ለሌለህ፦ ከፊት እግሮቿ ኋላ የደረቷን ዙሪያ ለካ። ከዚያ በጀርባዋ ላይ ከሁለቱ ጆሮዎች መሀል እስከ ጅራቷ ሥር ርዝመቷን ለካ። ሁለቱም በሜትር ይሁኑ። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ከዚያ በ69.3። ለምሳሌ ዙሪያዋ 1.20፣ ርዝመቷ 1.25 ከሆነ 125 ኪሎ ገደማ ናት። ገና ናት ማለት ነው። ቀጥ ብላ ስትቆም ለካ፤ አንገቷን ደፍታ ስትበላ ከለካህ ቁጥሩ ይዋሻል።

የጓሮ አርቢ
እሺ፣ ሂሳቡ ገባኝ። አንዴ ወልዳ የከሳችብኝንስ ምን ላድርጋት?

የከብት ሐኪም
ጡት ካስጣለች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ድራት አሳልፋትና በሚቀጥለው አስጠቃት። ሦስት ሳምንት ይባክናል፤ ገላዋ ግን ያገግማል፣ ግልገሎቹም ይበዛሉ። ለሁሉም አታድርገው፣ በጣም ለከሳችው ብቻ።

ጠያቂው
የመጨረሻ ጥያቄ። ከቀጫጫዎቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልደሩም።

የከብት ሐኪም
በየቀኑ ከጎልማሳ ወንድ አሳማ ጋር 10 ወይም 15 ደቂቃ አፍንጫ ለአፍንጫ አገናኛቸው። ዕድሜው ከ10 ወር በላይ ይሁን፤ የልጅ ወንድ ሽታ አይቀሰቅሳቸውም። ከጎናቸው አስረህ ከተውከው ግን ይለምዱታል፣ አምጥተህ መልሰህ ውሰደው። ይህ ሁሉ ሆኖ ዘጠኝ ወር አልፏት ያልደራችውን ለሥጋ ሽጣት።