ችክችካ ላይ ቤዙ ኪኩን እየዋጠው ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። በኤፍኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) የችክችካ ዘፈን እያቀናበርኩ ነው። ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ከኤ፣ 6/8፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 110 ምት፣ በባር ሁለት ምት። ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ቆጠራ 1 እና 4 ላይ ይመታል፤ ሲንዝ ቤዙ ስድስቱንም ቆጠራ ኤ ላይ ይረግጣል። ለየብቻ ሲሰሙ ሁለቱም ወፍራም ናቸው፤ አብረው ሲገቡ ግን ኪኩ ይጠፋል፣ ታቹ ይጉረመረማል። ቤዙን 60 ኸርዝ አካባቢ 6 ዲቢ ብቀንሰውም ሳሳ እንጂ አልጠራም።

ባለ አራት ክር፦
ኢኪውን (60 ኸርዝን የቀነስክበትን ማስተካከያ) ተወው ወንድሜ፣ ችግሩ አጨዋወቱ ላይ ነው። በ110 አንዱ ቆጠራ 182 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የኪኩ ጭራ (ከምቱ በኋላ የሚቀረው ድምፅ) 400 ሚሊሰከንድ ከሆነ ሁለተኛውን ቆጠራ ጨርሶ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፤ ቤዙ ደግሞ እላዩ ላይ ይረግጣል። ጭራውን ወደ 180 አሳጥረው።

ከዚያ ቤዙን አሳርፈው። 1 ላይ ኤ ከኪኩ ጋር እኩል ይነሳና ቆጠራ 2 ሳያልቅ ይቆረጥ። 3 ላይ የላይኛው ኢ፣ አጭር። 4 ላይ ቤዙ ዝም ይበል፣ ኪኩ ብቻውን ይምታ። 5 ላይ ሲ፣ 6 ላይ ቢ፣ ወደ ኤ ይመልስሃል። ትከሻ የሚያነቃንቀው 4 ላይ ያለው ዝምታ ነው። በየአራተኛው ባር ግን 4 ላይ ኤን አስገባ፣ አለዚያ ጆሮ ይሰለቸዋል።

የታች ድምፅ፦
ልክ ነው፤ ኪኩንም ለካው እንጂ። ስፔክትረም (የድምፁን ኸርዝ የሚያሳየው) ላይ ጫፉ 58 ኸርዝ አካባቢ ከሆነ የቤዝህ ኤ 55 ስለሆነ በሰከንድ 3 ጊዜ እየተደጋገፉ እየተሰራረዙ ይሄዳሉ። ኪኩን በቅኝት ግማሽ ድምፅ፣ ወደ 55 ዝቅ አድርገው። ቀጥሎ የቤዙን ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) ገልብጠህ ስማ፤ ታቹ የወፈረበትን ያዝ። የሲንዙን ሪትሪገር (ሞገዱን በየኖታው ከመነሻው የሚያስጀምረውን) አብራ፣ ካልሆነ አንዱ ምት ወፍሮ ቀጣዩ ይሳሳል።

ባለ አራት ክር፦
ቲዩኑ አይከፋም፤ ቤዙ ወደ ኤፍ፣ 43.7 ኸርዝ ሲወርድ ግን ኪኩ 55 ላይ ይቀራል። ለኔ ማሳጠሩ ይበልጣል። አጭር ኪክ ምን ድምፅ እንደሆነ ጆሮ አይለየውም።

ሚክስ ላይ፦
ሳይድቼይን (ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙን ዝቅ ማድረግ) ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሚክሰር ላይ የኪኩን ትራክ ምረጥና የቤዙ ትራክ ሥር ያለችውን ቀስት በቀኝ ክሊክ ነክተህ «ሳይድቼይን ቱ ዚስ ትራክ» በል። ቤዙ ላይ ፍሩቲ ሊሚተር ጫን፣ ኮምፕ የሚለው ገጽ ላይ ሳይድቼይኑን 1 አድርግ። ሬሾ (የቅነሳው ልክ) 4 ለ 1፣ አታክ (ቤዙ ዝቅ የሚልበት ጊዜ) 3 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ (የሚመለስበት ጊዜ) 100፣ ቤዙ ከቀጣዩ ቆጠራ በፊት እንዲመለስ። ትሬሾልዱን (ቅነሳው የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን) 3 ወይም 4 ዲቢ እስኪቀንስ አውርድ። ከ6 ካለፈ እንደ ሃውስ ሙዚቃ ይተነፍሳል፣ ለችክችካ አያምርም። አታኩን ዜሮ ብታደርገው ቤዙ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ስልክ ላይ 55 ኸርዝ አትሰማም። ቤዙ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (የላይ ድምፆችን የሚጨምር ማሻከር)፣ ኪኩ ላይ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ 2 ዲቢ ጨምር።

ጠያቂ፦
ጭራው 390 ነበር! 180 አድርጌ 4ን ባዶ ስተወው ኪኩ ወጣ። 5 ላይ ያለው ሲ ግን አሁንም ጠንክሮ ይጮኻል።

ባለ አራት ክር፦
ቬሎሲቲውን (የኖታውን የአመታት ጥንካሬ) 80 አድርገው፣ 1 ላይ ያለው 110 ይሁን። 6 ላይ ያለውን ቢ ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ አዘግየው፤ ኪኩን ግን ከግሪዱ (ከቆጠራው መስመር) አታንቀሳቅሰው።