ቤዟ ዛሬ ድምፅ አቆመች፣ ቅዳሜ ሰርግ አለብን! በ15 ሺህ ብር የቷን ልግዛ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ በጣም ጨንቆኛል። የምለማመድባት ቤዝ ጊታር ዛሬ ልምምድ ላይ መጀመሪያ ድምጿ ሻከረ፣ ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደና ጭጭ አለች። የኔ አይደለችም፣ የተዋስኳት ናት። ባለቤቱ "ከአሁን በኋላ የራስሽን ግዢ" ብሎኛል። ያለኝ 15 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለኝም። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዷ አዘዞ ያለች ጥቁር ባለ 5 ክር፣ 15 ሺህ ይሏታል። ሌላዋ ፒያሳ ያለች ባለ 4 ክር፣ አጠር ያለች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ 11 ሺህ። ከጀመርኩ 4 ወሬ ነው፣ እጄም ትንሽ ነው። ነገ ጠዋት ነው የምገዛው። የቷን?

ቤዝ ብቻ፦
ባለ 4ዋን።

የአዘዞ ልጅ፦
ኧረ ባለ 5ቷን ውሰጂ! ሰርግ ላይ ዘፋኙ በተመቸው ቃና ነው የሚነሳው። ባለ 4 ክር ቤዝ ወርዶ ወርዶ ኢ (E) የሚባለው ድምፅ ላይ ያልቃል። ዘፋኙ ዲ ወይም ሲ ላይ ከተነሳ ወደ ላይ መውጣት ነው፣ ያ ሆድ የሚነካው ወፍራም ድምፅ አይኖርሽም። ባለ 5ቷ እስከ ቢ ትወርዳለች። እኔ ባለ 4 ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ተቸግሬያለሁ።

ቤዝ ብቻ፦
የኢውን ክር አላልቶ ወደ ዲ ማውረድ ይቻላል፣ አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። 4 ወር ለተማረ ሰው አምስተኛ ክር ሸክም ነው። የማትመቺውን ክር አፍኖ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ አንገቷም ሰፊ ነው። ባለ 4ዋን።

አያ ማሲንቆ፦
ልጆቼ፣ በክር ቁጥር ከመጣላታችሁ በፊት ትንሽ ላውጋችሁ። ቤዝ ጊታር ገና የትናንት ልጅ ነው። ፌንደር የሚባለው ኩባንያ ፕሪሲዥን ቤዝ የሚባለውን ያወጣው በፈረንጆቹ 1951 ነው። ከዚያ በፊት ባንዶች ይዘው የሚዞሩት ያን ሰው የሚያህል ኮንትራባስ ነበር። ፕሪሲዥን (በእንግሊዝኛ ልክነት) ያሉትም አንገቱ ላይ ፍሬት፣ ያ አግድም የተተከለ ቀጭን ብረት፣ ስላለው ጣት ሲያርፍ ድምፁ ልክ ስለሚመጣ ነው። እኛ ማሲንቆ ላይ ፍሬት የለንም፣ ፍሬታችን ጆሯችን ነው። አንቺም ልጄ ጆሮሽን አስቀድሚ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን እያዜምሽ በአንድ ክር ላይ ፈልጊያቸው። የእኛ ሰርግ ላይ እስክስታው በ6/8 ምት ሲነሳ ቤዝ መሮጥ የለበትም። ከከበሮው ጋር ተጣብቆ መርገጥ ነው። ለዚያ ሁለት ክር ይበቃሻል። አምስቱንም ብትይዢ ከበሮውን ካልሰማሽ ተጨፋሪው እግሩ ይጠፋበታል።

የማራኪዋ፦
አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ ያሉትን እይዘዋለሁ። ግን እኔ ነገ ጠዋት ነው የምገዛው!

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ዝም ያለችው ቤዝ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ክዳን አላት? ካላት አክቲቭ ናት። ውስጧ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ፣ ያቺ የማይክ አራት ማዕዘን ባትሪ። ድምፅ መሻከር፣ ከዚያ መቅጠን፣ ከዚያ መጥፋት፣ የነገርሽን ሁሉ ባትሪ ሲያልቅ የሚመጣ ነው። የተበላሸች አይመስለኝም። ኬብሉን እንደሰካሽ ነው የምታሳድሪያት?

የአዘዞ ልጅ፦
ጥያቄዋ እኮ የቷን ልግዛ ነው፣ ጥገና አልጠየቀችም።

ጠጋኙ፦
ገብቶኛል። ግን ነገ ጠዋት ተጣድፎ መግዛትና ወር ጠብቆ፣ አይቶ መግዛት አንድ አይደለም። ያለቻት 15 ሺህ ናት። በአንዲት ባትሪ የሚፈታ ከሆነ ለምን በችኮላ ትበላባታለች?

የማራኪዋ፦
ኬብሉ ሁሌ እንደተሰካ ነው። ስንጨርስ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) እናጠፋለን፣ ቤዟ ግን ማጥፊያ የላትም።

ጠጋኙ፦
ማጥፊያዋ ኬብሉ ነው! አክቲቭ ቤዝ ኬብል ስትሰኪባት ባትሪዋ መሥራት ይጀምራል። አምፑ ቢጠፋም ሌሊቱን ሙሉ ስትበላ ታድራለች። ባትሪ ቀይሪ። ካልሆነ ሌላ ኬብል ሞክሪ። እሱም ካልሆነ ኬብሉን መሰኪያው ላይ ነቅነቅ አድርጊው፤ ድምፁ ሄድ መጣ ካለ ውስጥ ሽቦ ለቋል፣ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ይበይድልሻል።

እህተ ዜማ፦
እኔ ደግሞ ስለ መግዛቱ ልንገርሽ፣ ባትሪውም ሆነ ሌላ የራስሽን መግዛትሽ አይቀርም። የመጀመሪያ ቤዜን የገዛሁት በቀለሟ ነው። ቀይ፣ እንደ መስታወት የምታበራ። ቤት ስወስዳት ከ9ኛው ፍሬት በላይ የነካሁት ሁሉ ዝዝ ይላል። አንገቷ ተጠማዝዞ ነበር። 3 ሰው ጋ ወሰድኳት፣ ማንም አላቃናትም፣ ገንዘቤ እዚያው ቀለጠ። ስለዚህ የፒያሳዋ ቀለሟ መላላጡ ምንም አያሳስብሽ፣ አንገቷን እይ። ከራሷ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ በሁለቱም ጠርዝ ወደታች ተመልከቺ። ከዚያ ወፍራሙን ክር 1ኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኚው፣ ክሩ ማስመሪያ ሆነልሽ ማለት ነው። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ አንዲት የመጫወቻ ካርታ የምታሾልክ ክፍተት ካየሽ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ በአንገቷ ውስጥ ባለው ትረስ ሮድ በሚባል ብረት ይስተካከላል፣ ግን በሚያውቅ ሰው፣ በአንዴ ሩብ ዙር ብቻ። መጠማዘዝን ግን ትረስ ሮድም አያቃናውም። አንዱ ጠርዝ ከሌላው ጋር እኩል ካልሄደ ጥለሽ ውጪ፣ በ5 ሺህም ቢሰጡሽ።
ከዚያ እያንዳንዱን ፍሬት በየክሩ ምቺ፣ ሻጩ ቢሰለቸውም። 12ኛው ላይ ተጭነሽ የምታገኚውና እዚያው ላይ ክሩን በጣት ጫፍ ብቻ ነክተሽ የምታወጪው ድምፅ አንድ መሆን አለበት። ትንሽ ቢለያይ አትፍሪ፣ ክሩ ታች የሚያርፍበት ላይ ባለው ብሎን ይስተካከላል። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹን ስታዞሪ ድምፁ ቢንጫጫም ቀላል ነው፣ ማጽዳት ይበቃዋል።

ቤዝ ብቻ፦
ያልኩትን ነው። ባለ 4ዋን።

የማራኪዋ፦
እህተ ዜማ ተባረኪ! አጠር ትላለች ያልኳትስ? መጫወቻ እንዳትሆን ፈራሁ።

እህተ ዜማ፦
ሾርት ስኬል (የክሯ ርዝመት አጠር ያለ) ትሆናለች። ክሩ ከራሷ በኩል ከሚያርፍበት እስከ 12ኛው ፍሬት ለኪና በሁለት አባዢው። 76 ሳንቲ ገደማ ከሆነ ሾርት ስኬል ናት፣ የተለመደው 86 ገደማ ነው። ትልልቅ ባለሙያዎችም ይጫወቱባታል። ለትንሽ እጅ እንዲያውም እረፍት ናት። ክር ስትገዢ ግን ለእሷ ልክ የሚሆን ጠይቂ። ደግሞም 11 ሺህ ከሆነች 4 ሺህ ይተርፍሻል፣ ኬብልም ክርም ሊያስፈልግሽ ይችላል። አዘዞ ብትሄጂ ተሟጠሽ ነው የምትመለሺው።

የቀበሌ 11 ቤዚስት፦
ክሩ አርጅቶ ከደነዘዘ አትጣይው። ፈትተሽ አውልቀሽ 10 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ቀቅይው፣ በደንብ አድርቀሽ መልሺው። ቆሻሻው ይለቅና ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ይነቃል። የወጥ ድስት ላይ ብቻ አትሞክሪው፣ እናቴ እስካሁን አልረሳችልኝም። ደግሞ አምፕ ከሌለሽ በትንሽ የጊታር አምፕ ዝግ አድርገሽ መለማመድ ይቻላል። ከፍ ካደረግሽው ግን ስፒከሩ ይቀደዳል።

የአዘዞ ልጅ፦
እሺ፣ ስለ አንገቱ እኔም እስማማለሁ። ግን የአዘዞዋም ሳትታይ አትቅር፣ ባጃጅ ይዘሽ ሄደሽ በዚሁ መንገድ ፈትሻት። ዘፋኛችሁ ዲ ላይ ሲነሳ ታስታውሽኛለሽ።

የማራኪዋ፦
ክዳን አላት!!! ጀርባዋ ላይ፣ በሁለት ብሎን የታሰረች። እስከ ዛሬ አላየኋትም። አሁን ሱቅ ሁሉ ዘግቷል፣ ነገ በጠዋት ባትሪ ፈልጌ እነግራችኋለሁ።

ጠጋኙ፦
በርቺ። ከእንግዲህ ስትጨርሺ ኬብሉን ንቀይ።

አያ ማሲንቆ፦
ሰርጉ እንዴት ሆነ ልጄ? ማክሰኞ ሆነ እኮ፣ ድምፅሽን አጠፋሽ። ዘፋኙስ በምን ቃና ተነሳ?

ከደባርቅ፦
እሷ ባትመለስም እኔ ልመስክር። ተበላሽታለች ብዬ 2 ወር ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት ቤዝ ነበረችኝ። ይህን አንብቤ ጀርባዋን ባየው ክዳን አላት። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሠራች። ጠጋኙ፣ እጅህ ይባረክ። ያቺ የፒያሳዋ ባለ 4 ክር ግን ካልተሸጠች የት ሱቅ እንደሆነች የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ለታናሽ እህቴ እፈልጋታለሁ።