«ይቻቻሉ» ብሎ ፍርድ ምንድነው?

የሆጤው፦ ትናንት እዚህ አንድ ወንድማችን «የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ ስጠኝ ብሎ የከሰሰ ቢያሸንፍም የጠበቃውን ራሱ ይክፈል፣ ፍርድ ቤት ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ፣ ማለትም ሁሉም የየራሱን ይቻል፣ የሚለው ለዚህ ነው» ብሎ ጽፏል። ወላሂ እንቅልፍ ነሳኝ። አጎቴ መሬታቸው ለመንገድ ተወሰደ፣ ካሳው እንዴት እንደተሰላ የሚያሳየውን ወረቀት ጠየቁ። የመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ 590/2000፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ይመልስ ይላል፣ እሳቸው ስንት 30 ቀን ተመላለሱ። አቤቱታ ሰሚው ዕንባ ጠባቂ ተቋምም ሄዱ ክስም መሠረቱ፣ ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው እንኩ ተባሉ። ሁለት ገጽ! ማህተም ያለበት ሁለት ገጽ። ፍርድ ቤቱም ወረቀቱን አግኝተዋል ብሎ መዝገቡን ዘጋ፣ መጨረሻው ላይ «ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ»። ለጠበቃው በሬ ሸጠዋል እኮ።

ከቦሩ ሜዳ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እሱኑ ነው የምለው። አጎትህ ያሳዝናሉ ግን ገንዘቡ ከኃላፊው ኪስ አይወጣም፣ ከወረዳው በጀት ነው። ጤና ጣቢያው ጓንት አጥቶ ለጠበቃ ይከፈል?

ሐይቅ ዳር፦ «ከወረዳው በጀት» አልክ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ደሞዙ ከየት ነው? በመጀመሪያው ቀን ቢሰጧቸው የሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነበር ወጪው።

ከቦሩ ሜዳ፦ ሕጉም ለዳኛው ነው የተወው፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 462 እይ። ደሞ መቻቻል ምን ነውር አለው፣ የወሎ ልጅ አይደለን?

የሆጤው፦ መቻቻልን እዚህ አታምጣብኝ! የኛ መቻቻል እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድ ረከቦት ቡና የሚጠጣው፣ በሠርግ በሐዘን የሚደራረሰው ነው። ደሞዝተኛ ጠበቃ ያለው መሥሪያ ቤትና በሬውን የሸጠ ገበሬ በምን እኩል ሆነው ነው የሚቻቻሉት?

ኮምቦልቻ፦ ለሁለት ገጽ ጠበቃ ምን ያደርጋል፣ ራፖር ጸሐፊ ጋ ቢሄዱ ያልቅ ነበር

የፒያሳዋ፦ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ይጽፍልሃል እንጂ ችሎት አይቆምልህም ወንድሜ። አሜሪካኖችም በዚሁ ነገር ተጨቃጭቀውበታል። የመረጃ ነጻነት ሕጋቸው እ.ኤ.አ. የ1966 ነው፣ በ1974 ደግሞ ላሸነፈ ሰው ፍርድ ቤቱ የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍልለት ይችላል አሉ። በ2001 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሌላ ጉዳይ፣ ተከሳሹ ሳይፈረድበት ራሱ ካስተካከለ ከሳሽ አሸነፈ አይባልም አለ፣ ያ ወደ መረጃ ክስም ተሻገረ። በቃ፣ መሥሪያ ቤቶቹ እስከ መጨረሻው አቆይተው ወረቀቱን ከሰጡ ከወጪ ነጻ። ልክ እንደ አጎታችን! በ2007 ኮንግረሱ፣ ክሱ ውሃ የሚያነሳ ከሆነና መሥሪያ ቤቱ በሱ ምክንያት እጁን ከፈታ ወጪ ሊከፈል ይችላል ብሎ አስተካከለው።

ከቦሩ ሜዳ፦ የአሜሪካን በጀት ከኛ ወረዳ ጋር ልታወዳድሪ ነው?

የፒያሳዋ፦ በጀት አላወዳደርኩም፣ የዚያም የዚህም መሥሪያ ቤቶች ያደረጉት ነገር አንድ ነው አልኩ። እስኪከሰሱ ዝም፣ ሲከሰሱ እንኩ። ሳይከፍሉበት ምን ያስተዋቸዋል?

ከቦሩ ሜዳ፦ እሺ አጎቱ የወጪ ዝርዝር ለፍርድ ቤቱ አቅርበዋል? ሳይጠይቁ ዳኛው ከየት ያምጣላቸው።

የሆጤው፦ ደረሰኙ ሁሉ በፌስታል ነው ያለው፣ የደሴ መኪና ቲኬት ሳይቀር። ለፍርድ ቤቱ መቅረቡን ጠበቃውን ጠይቄ ነገ እጽፋለሁ። አንተ ግን «ራሱ ይክፈል» ያልከውን አልመለስክልኝም።