የወፏ ስንቅ ለበረራ ወይስ ለበሽታ መከላከያ? በዝዋይ ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የማኅበራችን የጥናት ፕሮፖዛል ረቂቅ እስካሁን የወፍ ቆጠራ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንድናልፍ እፈልጋለሁ። ከአውሮፓና ከእስያ መጥታ በጋውን በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የምታሳልፈው ቢጫዋ ጅራት ወዝዋዥ ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ለመመለስ ስትሰናዳ ስብ ታጠራቅማለች፤ ቀይ ባሕርንና የዓረብን በረሃ የምትሻገረው በእሱ ነው። በዚያ ሰሞን ከታመመች ትኩሳቱም፣ ነጭ የደም ሕዋስ ማባዛቱም፣ ፀረ እንግዳ አካል መሥራቱም ከዚያው ስንቅ ይነሣል። ይባስ ብሎ የታመመ ወፍ ምግብ ይቀንሳል። የሐይቁ ውኃ ለመስኖና ለአበባ እርሻ እየተሳበ፣ ዳርቻው እየታረሰ ምግቧ ከተመናመነ ሁለቱን ወጪ በምን ትችላለች? ዋናው ጥያቄያችን ይህ ቢሆንስ?

ከስዊድን የሚጽፍ አባል፦
እደግፋለሁ። እዚህ ስዊድን፣ ፋልስተርቦ በተባለ ቦታ የተሠራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በጉዞ ላይ ያሉ ወፎችን ከባክቴሪያ ግድግዳ በተወሰደ ንጥረ ነገር ወጓቸው፤ ሕያው ጀርም የለበትም፣ ሰውነታቸው ግን እንደ ታመመ ይሆናል። የተወጉት ካረፉበት ቶሎ አልተነሡም፤ በተለይ አጭር ርቀት የሚጓዙት ዘገዩ። እኛም እንሞክረው?

የመስክ ኃላፊ፦
በዚህ አልስማማም ወንድሜ። በረሃ ልትሻገር በተሰናዳች ወፍ ላይ ሕመም መጨመር የለብንም። ማኅበሩ የቆመው ለእነሱ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
መርፌውን ትተን ከክንፏ ሥር አንድ ጠብታ ደም እንውሰድ። ስላይድ ላይ ቀብተን ጂምሳ በተባለው ቀለም እናቅልመው፤ ጤና ጣቢያ ወባ የሚመረምር ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። 100 ነጭ ሕዋስ ቆጥረን የሄትሮፊልና የሊምፎሳይትን (የሁለቱን ዓይነት ነጭ ሕዋስ) ምጣኔ እናወጣለን፤ ሰውነቷ በውጥረት ወይም በሕመም ላይ መሆኑን ይጠቁመናል። የወፍ ወባም ካለ እዚያው ሊታይ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ፦ የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው አይደለም፣ ኒውክሊየስ (የሕዋስ እምብርት) አለው። ያላየው ሰው ነጭ ሕዋስ መስሎት ይቆጥረዋል። ለንባቡ ሥልጠና በጀት ይያዝልኝ።

ከስዊድን የሚጽፍ አባል፦
ይሁን፣ የመርፌውን ሐሳብ አንስቻለሁ። ግን በአንድ ጊዜ መለኪያ «ታማ ከሳች» እና «ከስታ ታመመች» አይለዩም። ደግሞም በረራ መከላከያን ያዳክማል ብለን አንጀምር። በንፋስ ዋሻ (ወፍ እንድትበርበት ንፋስ በሚነፋበት የመሞከሪያ ክፍል) ውስጥ ረጅም ሰዓት የበረሩ ወፎች ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የፀረ እንግዳ አካል ምላሻቸው ሲቀንስ አላገኘም።

የመስክ ኃላፊ፦
ለመጀመሪያው መፍትሔ አለ። ማታ ማታ ፊላው ውስጥ ተሰብስበው ስለሚያድሩ ቀለበት ያሰርንላትን ወፍ ደግመን የመያዝ ዕድል አለን። የጉሮሮዋን ሥር ላባ እፍ ሲሉት ቢጫው ስብ በቆዳዋ ውስጥ ይታያል። በየጊዜው ስቡን እናያለን፣ እንመዝናለን፣ ስላይድ እንወስዳለን። የትኛው እንደቀደመ ያኔ ይለያል።

አስተባባሪ፦
ተስማማን። ሁለት ቦታ እንምረጥ፦ ፊላው ያልተነካበትና እስከ ውኃው የታረሰበት። የላብራቶሪ ባለሙያዋ እህቴ፣ የስላይድና የቀለሙን ዋጋ ላኪልኝ። የመስክ ኃላፊ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚሄደውን የፈቃድ ማመልከቻ ያርቅቅ፤ ደም የምንወስድ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት።