የእማዬ ጣቶች ደነዘዙ፣ ነገ ኬሞ አላት፣ እባካችሁ ቶሎ

ሚሚ ዘኮዬ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ ኬሞ ላይ ናት ካለፈው ዙር ወዲህ ጣቶቿን ይነዝራታል ዛሬ ደሞ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ ነገ በሌሊት ከኮዬ ፈጬ እንወጣለን። የነርቭ ቪታሚን ልግዛላት ወይስ በረዶ ትያዝ? ለሐኪም አትንገሪ መድኃኒቱን ይቀንሱብኛል ትላለች

ቤቲ፦ በረዶ! እህቴ ፓክሊታክሴል የሚባለውን ኬሞ ስትወስድ ጣቷ እንዳይደነዝዝ ድሪፑ እስኪያልቅ በፎጣ ጠቅልላ ትይዝ ነበር

ዳጊ፦ በረዶ? ኮዬ ላይ? መብራት የለም እኮ፣ የኛ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ከሆነ ቆየ 😂

ጋሽ ታዛቢ፦ የዛሬ ልጆች ችግር ሲመጣ ነው የምትጠይቁት። ይሄ ከመጀመሪያው ዙር በፊት የሚነሳ ነገር ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ነርቩ ቀድሞ የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገራል፣ ግን ማን ሰምቶ

ሲስተር፦ ሚሚዬ የመድኃኒቱ ስም?

ሚሚ ዘኮዬ፦ ወረቀቱ ላይ ኦክሳሊፕላቲን ይላል፣ የአንጀት ካንሰር ነው ያለባት

ሲስተር፦ በይ በረዶውን እርሺው! ይሄ መድኃኒት ራሱ ከብርድ ጋር ነው ጠቡ። ከወሰደች በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጣ አትንካም፣ ጉሮሮዋን ጭምር ሊይዛት ይችላል፣ የኮዬን ጠዋት ታውቂዋለሽ ጓንትና ሻርፕ አድርጊላት። በብርድ የሚመጣው ንዝረት በቀናት ውስጥ ይለቃል፣ በዙሮቹ መሃል የማይለቀውና ቁልፍ የሚያስቸግረው ግን እየተጠራቀመ የሚሄደው ነው፣ ኬሞው ካለቀ በኋላም ለወራት ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ድሪፑ ሳይሰቀል ንገሪያቸው፣ መጠኑን ይቀንሳሉ ወይ ያዘገያሉ ወይ ይሄንን ብቻ ያቆሙላታል፣ ህክምናው ቀረ ማለት አይደለም

አቤል፦ ቪታሚኑስ? ሁሉም ይወስደው የለ

ሲስተር፦ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆች 2020 ባወጣው መመሪያ ለመከላከያ ብሎ የሚመክረው አንድም መድኃኒት የለም፣ አሴቲል ካርኒቲን የሚባለውን ለነርቭ ተብሎ የሚወሰድ እንክብል እንዲያውም አትውሰዱ ነው የሚለው። ቪታሚን ቢ6 ደሞ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ካመማት ዱሎክሴቲን የሚባል አለ፣ እሱ ለህመሙ እንጂ ለመከላከያ አይደለም። እግሯም ከደነዘዘ በባዶ እግሯ አትሂድ፣ የገላዋን ውሃ ሙቀት አንቺ ለኪላት

ቤቲ፦ በረዶው ግን ለኛ ሠርቷል እኮ

ሲስተር፦ ቤቲዬ የእህትሽ ፓክሊታክሴል ነው፣ እሱ ላይ በረዶ ይሞከራል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም

አቤል፦ ሚሚ እኔ ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት 11 ሰዓት እወጣለሁ፣ መኪናው ሂተር አለው፣ በውስጥ ጻፊልኝ